ያውቁ ኖሯል? ራውተር ቢቀየር ቦንጋ ላይ ጌሙ ይፈጥናል?

ያውቁ ኖሯል? አዲስ ራውተር ገዝተው ሳሎን ቢያስቀምጡም የገዙት መስመር 4 ሜጋ ከሆነ የሚደርስዎት ያው 4 ሜጋ ነው። ካርቶኑ ላይ 300፣ 1200 ወይም 3000 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ራውተሩና ስልክዎ ቤት ውስጥ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፍጥነት እንጂ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙበት አይደለም። ጀበናው አራት ሲኒ የሚቀዳ ከሆነ ረከቦቱ ላይ አሥራ ሁለት ሲኒ መደርደር ቡናውን አያበዛውም። ይህን ለካፋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

«300 ሜጋ» ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ራውተሮች ብዙዎቹ ከጀርባቸው ያለው የኬብል ቀዳዳ ከ100 ሜጋ በላይ እንደማያሳልፍስ? 300 ገብቶ 300 የሚወጣበት በር ዕቃው ላይ የለም። በዋይፋዩም በኩል ቢሆን ቁጥሩ የቤተ ሙከራ ነው፤ ቤትዎ ውስጥ ግማሹን ካገኙ ደህና ዕቃ ገዝተዋል።

«4 ሜጋ» ሲባል ሜጋቢት ነው፤ የፋይል ክብደት የሚነገረው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ4 ሜጋ መስመር በአንድ ሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። 50 ጊጋባይት የሚመዝን የፕሌይስቴሽን ጌም ለማውረድ ቢነሡ ወደ 28 ሰዓት ይፈጅብዎታል፤ ያውም መብራት ካልሄደ። ጌም በሃርድ ዲስክ አስጭኖ መምጣትን የሚንቁ ካሉ ሒሳቡን ይሥሩት። ከአዲስ አበባ ቦንጋ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ 12 ሰዓት ቢፈጅበትና ቦርሳ ውስጥ አንድ ቴራባይት የሞላ ዲስክ ቢኖር፣ ያ አውቶቡስ በአማካይ በሰከንድ 185 ሜጋቢት እያጓጓዘ ነው ማለት ነው። ፒንጉ ግን ደርሶ መልስ 24 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። ጌም ማውረድ ሌላ፣ ጌም መጫወት ሌላ። አብዛኞቹ የኦንላይን ጌሞች በጨዋታ ላይ ሳሉ የሚበሉት ዳታ በሰዓት ከ40 እስከ 150 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ጥራት ያለው ፊልም አንድ ሰዓት ለማየት ግን እስከ 3 ጊጋባይት ይሄዳል። ስለዚህ የ4 ሜጋ መስመር ለመጫወት አያንስም። ተጫዋቹን የሚያናድደው የመስመሩ ስፋት ሳይሆን መዘግየቱ ነው፤ ጣቱ ስክሪኑን ከነካ በኋላ ትእዛዙ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ያለው ጊዜ።

ይህን ጊዜ የሚለካው ፒንግ የተባለው ፕሮግራም የተጻፈው በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 1983 ነው። ጸሐፊው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ስሙን የወሰደው ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን ከሚያዳምጡበት መሣሪያ ነው። ከ40 ዓመት በኋላም የቦንጋ ልጅ «ፒንጌ 200 ገባ» ብሎ ሲያማርር የሚጠራው ያንኑ ፕሮግራም ነው።

ብርሃን በኦፕቲክ ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሄድ ያውቁ ኖሯል? በባዶ ሕዋ ከሚሄድበት በሲሶ ያንሳል። ይህ ማለት በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይከፈላል፤ ቅናሽ የለውም፤ በራውተር አይታለፍም። እንግዲህ ከቦንጋ እንነሣ። አዲስ አበባ ለመድረስ መስመሩ የመኪናውን መንገድ ቢከተል እንኳን ከ5 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አገራችን ወደብ ስለሌላት ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች የምትደርሰው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። ዋናዋ ጅቡቲ ናት። ከጅቡቲ በቀይ ባሕር ሽቅብ፣ በግብፅ በኩል፣ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ የፈረንሳይዋ ማርሴይ። ጠቅላላ ጉዞውን 6,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ብንለው እንኳን ደርሶ መልሱ 60 ሚሊሰከንድ ነው። በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎች የራሳቸውን ይጨምራሉ። ስለዚህ አውሮፓ ላይ ባለ ሰርቨር የሚጫወት የቦንጋ ልጅ የፈለገውን ያህል ውድ ራውተር ቢገዛ፣ ፍራንክፈርት ተቀምጦ በ10 ሚሊሰከንድ የሚጫወተውን ተቃዋሚውን በፒንግ አይቀድመውም። በችሎታ ይቅደመው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተቆርጠው ነበር፦ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ። ምክንያቱ በሚሳይል የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ እየተንሳፈፈች ስትሄድ የጎተተችው መልሕቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀሪዎቹ ኬብሎች ይጨናነቃሉ፤ ዳታውም በሩቅ መንገድ ይዞራል። አንዳንዴ ራውተርዎን ነቅለው ሲሰኩ የሚውሉለት ችግር ከባሕር በታች ነው።

ቅርብ የሚመስለው ሰርቨር ሁሌ ቅርብ አይደለም። አማዞን የተባለው ኩባንያ የሰርቨር ማዕከሎቹን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሕሬን ላይ፣ በ2020 ደግሞ ኬፕ ታውን ላይ ከፍቷል፤ እነዚህን የሚከራዩ የጌም ኩባንያዎችም አሉ። ባሕሬን በካርታ ላይ ከማርሴይ በእጅጉ ትቀርበናለች። ዳታው ግን የሚሄደው በአየር ሳይሆን ኬብሉ በሄደበት ነው፤ አውሮፓ ደርሶ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመለስበት ጊዜም አለ። ጌምዎ ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ አንድ በአንድ ሞክረው ትንሹን ቁጥር ይያዙ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከብዙ ዕቃ ይልቅ ይጠቅማል።

በሳተላይት ቢሞከርስ? በአንድ ቦታ ቆመው የሚታዩን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። ምልክቱ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶ ወርዶ ሲደርስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ አልፏል። በእንዲህ ያለ መስመር ኢሜይል ይነበባል፤ ተኩስ ያለበት ጌም አይሞከርም።

«እኔ ቀድሜ ተኩሼዋለሁ!» የሚለው ጭቅጭቅ ምንጩ ውሸት እንዳልሆነስ? ብዙ የተኩስ ጌሞች ሰርቨራቸው ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልስና እርስዎ ሲተኩሱ ስክሪንዎ ላይ ምን ይታይ እንደነበር ያሰላል። ስለዚህ ግድግዳ ጀርባ ከተደበቁ በኋላ የሞቱ መስሎ ቢታይዎ በተኳሹ ስክሪን ላይ ገና አልተደበቁም ነበር። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ ዕቃ መቀየር ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ነውና።

ራውተርዎ የት ነው የተቀመጠው? አብዛኛው ቤት ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከአበባ ማስቀመጫው አጠገብ ነው። የቴሌቪዥን ጀርባ ብረት አለበት፤ ብረት ደግሞ የዋይፋይ ሞገድ አያሳልፍም። ቆርቆሮም ያው ነው፤ በቆርቆሮ የተለበጠ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከዋናው ቤት ዋይፋይ ቢጠብቁ ብዙ አያገኙም። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ደህና ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ውኃው ሞገዱን ይውጠዋል። ካፋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የማይለየው አገር ነው። ስለዚህ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ራውተር ከቡፌው አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ መሐል ቤት ይስቀሉት።

ዋይፋይ በሁለት ዋና ዋና ሞገድ ይሠራል፦ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያው ግድግዳ ያልፋል፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ነው። ሁለተኛው ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው፣ ግን በግድግዳ ይደክማል። ራውተሩ ባለበት ክፍል የሚጫወት ሰው 5 ጊጋኸርዙን ይምረጥ። በ2.4 ላይ ደግሞ ከብዙዎቹ ቻናሎች እርስ በርስ የማይረባበሹት ሦስቱ ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ በ2.4 ሠፈር ይሠራል፤ ወጥ ሲሞቅ ጌሙ ቢንተፋተፍ አይደነቁ።

የራውተር ትውልድ ቢያድግም ስልኩ ካላደገ ለውጡ ትንሽ ነው። ዋይፋይ 4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ዋይፋይ 7 ደግሞ በ2024 ማረጋገጫ መሰጠት ጀምሯል። ስልክዎ 2.4 ብቻ የሚያነብ ርካሽ ስልክ ከሆነ የዋይፋይ 7 ራውተር ቢያቀርቡለትም በአሮጌው ቋንቋ ነው የሚያናግረው።

ቤት ውስጥ በኬብል ሲገናኙ ከራውተሩ ጋር ያለዎት መዘግየት ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። በጥሩ ዋይፋይ ከ2 እስከ 5 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ግን ዋይፋይ ሲረበሽ አንዱ መልእክት በ4፣ የሚቀጥለው በ180 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ተጫዋቹ ላግ የሚለው ይህን መዋዠቅ ነው። የማይዋዥቅ 120 ፒንግ በየሰከንዱ በ60 እና በ300 መካከል ከሚዘል ይሻላል።

የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ላይ ያለውን ጥርት ያለ የፕላስቲክ ራስ ወደ ብርሃን አቅርበው አይተውት ያውቃሉ? ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ተሰልፈዋል፦ ነጭ ባለ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ ባለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ባለ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ባለ ቡናማ፣ ቡናማ። 100 ሜጋ ለማሳለፍ አራቱ ይበቃሉ፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና ስድስተኛው። 1,000 ሜጋ ለማሳለፍ ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ቡናማዋ ሽቦ ብቻ ብትበጠስ መስመሩ አይቋረጥም፤ ድምፅ ሳያሰማ ወደ 100 ይወርዳል፤ ባለቤቱም ራውተሩን ይረግማል። ሽቦውን በምላጭ ጫፍ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ብረት ሆኖ ካገኙት መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ኬብል 1,000 ሜጋን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ቢጠይቁኝ ቦንጋ ላይ ለጌም የሚወጣ የመጀመሪያው ገንዘብ ለዚህ ኬብል ቢሆን ደስ ይለኛል፤ «ጌሚንግ» ተብሎ ስምንት አንቴና ለተተከለበት፣ መብራቱ ቀይ ለሚንቦገቦገው ሣጥን ግን አይደለም።

እህት ሳሎን ተቀምጣ ቪዲዮ በቴሌግራም ስትልክ የወንድሟ ጌም ለምን እንደሚቆም ያውቁ ኖሯል? «ኔትወርኩን በላችው» ይባላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይረቅቃል። ራውተሩ ወዲያው መላክ ያቃተውን ዳታ ወረፋ አስይዞ ያቆየዋል። የቪዲዮው ዳታ ወረፋውን ሲሞላው የጌሙ ትንሽ መልእክት ከኋላ ትሰለፋለች። ወደ ላይ የሚሄደው መስመር 1 ሜጋ ቢሆንና ወረፋው 128 ኪሎባይት ቢይዝ፣ የተሰለፈው እስኪያልቅ ሙሉ አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ ፒንጉ 1,000 ገባ ማለት ነው። መስመሩ አልተበላሸም፤ ወረፋው ነው የረዘመው። ይህን በሽታ ጂም ጌቲስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገደማ በራሱ ቤት መስመር ላይ ሲመረምር ደርሶበት ስም ሰጠው፤ በ2012 ደግሞ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ወረፋውን የሚያሳጥር ኮደል የተባለ ዘዴ አወጡ። መልእክት ወረፋ ውስጥ ከሚገባው በላይ ከቆየ ያ ዘዴ ይጥለዋል፤ ላኪውም ገብቶት ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ራውተር መቀየር በቀጭን መስመር ላይ እንኳን የሚያዋጣበት ቦታ ይኼ ነው። ወረፋን በብልሃት የሚያስተናግድ፣ ሻጮቹ ኤስኪውኤም የሚሉት ነገር ያለበት ራውተር ከተገኘ፣ ፍጥነቱን ከመስመሩ እውነተኛ አቅም ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ይገድቡታል። ጥቂት ፍጥነት ይሠዋል፤ በምላሹ እህትም ትልካለች ወንድምም ይጫወታል። ብዙ አሮጌ ራውተሮች ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከተቀበሉ ይህን ሥራ ያለ አዲስ ወጪ ይሠራሉ።

የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ራውተር ግን 10 ዋት ገደማ። በቀጭን መስመር የተሳበ ቤት ውስጥ ምጣዱ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ያዩት ይሆናል። ክፉኛ ከወረደ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል፤ ተነሥቶ መስመር እስኪይዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ጨዋታው በዚያ ያልቃል። መብራት ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ ሲመለስም ያው ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሚኒ ዩፒኤስ ነው። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ በትንሽ ባትሪ ይያዛል፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ በወረቀት ሒሳብ 84 ዋት-ሰዓት ነው፣ 10 ዋት ለሚበላ ራውተር ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በተግባር ከዚያ ያንሳል። በፍጥነት መለኪያ ላይ አንዲት ቁጥር አይጨምርም። ግን መብራት በሚመላለስበት ሠፈር ከየትኛውም ራውተር ይበልጥ የጌም ውጤትዎን የሚያሻሽለው ይኼው ዕቃ ነው።

በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል። ጣቢያው አጠገብ 24 ሜጋ ድረስ ሊሰጥ የሚችለው ሽቦ ኪሎ ሜትሮችን ሲጓዝ ጥቂት ሜጋ ብቻ ይቀረዋል። መደበኛ ስልክ በዚያው መስመር ላይ ካለዎት ትንሿን የማጣሪያ ሣጥን አይርሱ፤ ያለ እርሷ ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይናጋል። በፋይበር ከሆነ ርቀቱ አያሳስብም፤ ያ ክር ግን መስታወት ነው፣ መታጠፍ አይወድም። ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነውና ራውተር መቀየር ዋጋ የለውም፤ ጥገና ይጠሩ።

መብረቅ ሲበዛ የመዳብ መስመርን ከነኤሌክትሪኩ ይንቀሉ። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሽቦ ግን ከሩቅ የወደቀ መብረቅን ቤትዎ ድረስ ይዞ ይመጣል።

ከቦንጋ ወጣ ሲሉ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከደጋው አዲዮ እስከ ቆላው ደቻ ካፋ ተራራና ሸለቆ ነው፤ በላዩ ላይ ደን አለ፤ ደኑም እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው ነው። በዚህ ያለ ሰው ኢንተርኔቱ ከሞባይል ማማ ነው። ያውቁ ኖሯል? ዝናቡ ራሱ የስልክ ሞገድን እምብዛም አይጎዳም። የሚጎዳው ዲሽንና ማማዎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያለ ሞገድ ነው። ስልኩን የሚያደክመው ዝናብ የጠጣው ቅጠልና ራስዎ ላይ ያለው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ስልኩን አውጥተው ደጅ ላይ ይለኩ፤ ደጅ ጥሩ ሆኖ ቤት ውስጥ ከሞተ ጠላትዎ ጣሪያው ነው።

እዚህ ዕቃ በእውነት ይሠራል። ሲም የሚቀበል የ4ጂ ራውተር ከውጭ አንቴና ጋር ከጣሪያ በላይ ቢወጣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ሊሆን ይችላል። ስልኩ ላይ ያሉትን መስመሮች አይቁጠሩ፤ አምራቹ እንደፈለገ የሚሥላቸው ናቸው። ቅንብሩ ውስጥ በዲቢኤም የተጻፈውን ቁጥር ይዩ፦ ከ-80 ወዲህ፣ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ደህና፣ ከ-110 ወዲያ ከሆነ አስቸጋሪ። በየ3 ቁጥሩ የምልክቱ ኃይል እጥፍ ይሆናል። አንድ ወጥመድ አለ፤ አንቴናውን ጣሪያ ላይ፣ ራውተሩን ሳሎን አድርገው በ10 ሜትር ቀጭን የአንቴና ገመድ ካገናኙ ገመዱ ብቻውን ከምልክቱ ሦስት አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ይበላዋል። ራውተሩን ከኮርኒስ በላይ አንቴናው አጠገብ ያድርጉትና ወደ ታች የኔትወርክ ኬብሉን ያውርዱ። ማማው ማታ ማታ በሰው ከተጨናነቀ ግን አንቴናም አያድንም።

በሞባይል መስመር ላይ ፕሌይስቴሽኑ «ኤንኤቲ ዓይነት 3» ብሎ ከጓደኛ ጋር አላገናኝ ሲል ራውተሩን አይውቀሱ። የኢንተርኔት አድራሻ ስላነሰ ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። የራውተርዎ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ እርስዎም ከእነዚያ አንዱ ነዎት፤ ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ተብሎ የተለየ ነው።

የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 መቀየር ገጽ ሲከፍቱ ይታወቅ ይሆናል፤ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ፒንግ ላይ ምንም አይለውጥም። ቪፒኤን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ያስረዝማል። «ጌም ቡስተር» የሚባሉት የስልክ አፖች ያልኩትን አንድም አይነኩም።

ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በጨዋታ እየከፈሉ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ኢንተርኔት ጨርሶ እንደማያስፈልጋቸው ያውቁ ኖሯል? ሆኖም እዚያም «ዘገየብኝ» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብር ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። ቅንብሩ ውስጥ «ጌም» የሚለው ሲመረጥ ማሳመሩ ይቀርና መዘግየቱ በጣም ይወርዳል። ከቦንጋ እስከ ማርሴይ ያለውን ጉዞ የሚያህል መዘግየት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማስቀረት ነው።

ቡናና ኔትወርክ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በዓለም የመጀመሪያው ዌብካም የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቡና ማፍያ ለማየት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ወንበራቸውን ለቀው ሄደው ባዶ ማፍያ ማግኘት ሰልችቷቸው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ስፋቱ 128 በ128 ነጥብ ብቻ፤ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ገደማ ይታደስ ነበር፤ ቡና አለ የለም ለማለት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። በ1993 ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ እስከ 2001 ቆየ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1998 ደግሞ ላሪ ማሲንተር የቡና ማፍያን በኔትወርክ ማዘዣ ደንብ ጽፎ አወጣ፤ የሞኞች ቀን ቀልድ ነው። በደንቡ መሠረት የሻይ ማንቆርቆሪያን ቡና አፍላ ብለው ካዘዙት ቁጥር 418 የሚል ስሕተት ይመልሳል፤ «እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነኝ» ማለቱ ነው። ቡና ከበቀለበት አገር፣ ከቦንጋ ብዙም ከማይርቀው ከውሽውሽ የሻይ ልማት አጠገብ ይበልጥ ለዚህ ቀልድ የሚገጥም ቦታ አላውቅም።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ችግሩ ከቤት ውስጥ ይሁን ከውጭ በሁለት ደቂቃ መለየት እንደሚቻልስ? የፒንግ አፕ ስልክዎ ላይ ይጫኑና መጀመሪያ የራውተሩን የራሱን አድራሻ ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ ካልተዋዠቀ ቤትዎ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለውን 8.8.8.8ን ይለኩ። የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ከተበላሸ ችግሩ ከበርዎ ውጭ ነው፤ የሚገዙት ምንም ዕቃ አይደርስበትም። የመጀመሪያው ከተበላሸ ዋይፋዩ ነው፤ ኬብል ይሞክሩ። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ቪዲዮ ሲላክ ብቻ ከተበላሸ ወረፋው ነው።

አሮጌ ራውተር በ4 ወይም በ10 ሜጋ መስመር ላይ አሮጌነቱ አይታወቅም። የሚታወቀው ፋይበር ገብቶ 200 ሜጋ የገዙ ቀን ነው። ያን ጊዜ ያ ከጀርባው 100 ሜጋ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ሣጥን በየወሩ ከከፈሉት ግማሹን በር ላይ ያስቀረዋል፤ ያኔ ይቀይሩት።